የፖስተሩ ሙሽራ

የረይሀናንና የሚናስን ነገር ከመጀመሪያው ለምትከታተሉ አንባቢዎቼ ደግሜ አላሰለቻችሁም፤ ዛሬ ገና ለምትደርሱብን ግን ባጭሩ ልንገራችሁ። ረይሀና አብዱልሙሀይሚን ፒያሳ ውስጥ፣ ዙሪያው ፈርሶ ለብቻው በቀረ አንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በጋሽ ተክላይ ማተሚያ ቤት የዲዛይን ሠራተኛ ናት። ሚናስ ከመንገዱ ማዶ ያለው የወርቅ ቤት ልጅ ነው። እሷ አፍንጮ በር ከከተመ የወሎ ሙስሊም ቤተሰብ ተወለደች፤ የእሱ እናት ደግሞ ጊዮርጊስን ሳይሳለሙ ሱቅ ከፍተው አያውቁም። ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ያለውን ዳገት እንደማይተዋወቁ መንገደኞች ጎን ለጎን እየወጡ ተዋደዱ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንን ፍቅር ከሁለት ቤት ደብቀውታል። አራዳ ላይ ይህን ያህል ጊዜ ምስጢር መደበቅ ምን እንደሚጠይቅ የሰፈሩ ልጅ ያውቀዋል።

ዘንድሮ የሚናስ እናት እትዬ እንቁ ከፋሲካ በኋላ ለሚመጣው የሰርግ ወቅት በሱቃቸው መስኮት ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፖስተር አዘዙ። ፖስተሩ ላይ ሙሽራ ሆኖ ሐብልና ቀለበት የሚያሳየው ራሱ ሚናስ ነው። "የራሴ ልጅ እያለ የሰው ልጅ ቀጥሬ ላቁም?" አሉ። አንዴ ሱፉ፣ አንዴ ሐብሉ አልጥም እያላቸው ፎቶው ሦስቴ ተነሳ፦ ከጥምቀት በፊት፣ በቅበላ ሰሞን፣ እንደገና ደግሞ ሁዳዴ ከገባ በኋላ። እናም ቀኑን ሙሉ የልጃቸውን ፊት እያየች እንድትውል ያስቀመጧት፣ ሳያውቁት፣ ረይሀናን ሆነ። ከሁሉም የከፋው ሙሽራ ሆኖ ማየቷ ነበር። የማን ሙሽራ እንደሆነ ፖስተሩ አይናገርም።

* * *

እትዬ እንቁ ረፋድ ላይ ገቡና የተጠቀለለውን ፖስተር ባንኮኒው ላይ ዘረጉት።

"እስቲ እየው ተክላይ! ልጄን ሙሽራ አድርጌ ሰጠሁህ፤ አስከሬን አድርገህ መለስክልኝ።"

እንዲህ ያለ ቃል በቁም ሰው ላይ አይወረወርም። እትዬ እንቁ ራሳቸው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ደንግጠው አማተቡ።

"ኧረ በስመ አብ ይበሉ እትዬ!" አሉ ጋሽ ተክላይ። "የቀለም ጉዳይ ነው። ያን ሁሉ ወርቅ አገጩ ሥር ይዞ ሲቆም ቢጫው ወደ ፊቱ ይረጫል። ፎቶ አንሺው መብራቱን ማራቅ ነበረበት።"

"ወርቅ ቤት ተወልዶ ወርቅ ቤት ያደገ ልጅ ቢጫ ቢመስል አይገርመኝም። መስኮቴ ላይ ግን አልሰቅለውም። በዚያ ላይ ጾሙ አክስቶታል።" ወደ ረይሀና ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ እንደምንም አስተካክይልኝ።"

"እሺ እትዬ" አለች ረይሀና። ስሟን አያውቁትም። ይህ ሁሌ ቅር ይላታል፤ ዛሬ ግን ዓይኗ ፖስተሩ ላይ ቀርቶ ነበር። ፊቱ እውነትም ቢጫ ነው፤ አመድ የነካው ቢጫ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሚናስ ግን ደህና ነው፣ እንዲያውም ፊቱ ጠራ ብሏል። ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምሮ በታተመ ቁጥር እንዲህ እየሆነ፣ በታተመ ቁጥር ከጉንጩ፣ ከግንባሩ፣ ከዓይኑ ዙሪያ ቢጫውን ስትቀንስለት ከርማለች። ሌላውም ሥራ ትንሽ ትንሽ ቢጫ ይላል፤ የእሱን ያህል ግን አይብስም። ቀለም ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። ወረቀት ተቀየረ፤ ያው ነው። የማተሚያው ቀለም መትፊያ ታጥቦ ተወልውሎ ተመለሰ፤ ሚናስ አሁንም ቢጫ ሆኖ ወጣ።

እትዬ እንቁ ከወጡ በኋላ ከቦርሳዋ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አወጣች። ባለፈው ሳምንት ሚናስ ከፖስተሩ የኅትመት ናሙናዎች ጋር በፖስታ ውስጥ አድርጎ የላከላት ናት። በቃሏ ብትይዛትም ደግማ አነበበቻት።

"ረይሁዬ፣ ጾሙ እስኪፈታ አንገናኝ። አትደውይ። ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፣ በምትወጂው ይዤሻለሁ።"

የማን ጾም? ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል። እሱም ይጾማል፣ እሷም ትጾማለች፤ ካፌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ መጠጣት ካቆሙ ቆዩ፤ እሱ ምግብ ይዝጋው አይዝጋው የምታይበት ገበታ አልነበራትም። ከሳህ ብትለው "አንቺስ?" ይላታል፤ እሷም ከስታለች። እንዲህ ሲባባሉ ከረሙና አንድ ቀን ጭራሽ ጠፋ። ከትናንት ወዲያ በሱቁ በር ስታልፍ ቤት ውስጥ፣ ያውም በጨለማው ጥግ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ተቀምጦ አየችው። ቀና ብሎ አያትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እትዬ እንቁ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እንደሚልኩ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ታዲያ ከዚህ ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች? ሊተዋት ነው። ዓይኗን አይቶ መናገር ቢያቅተው መነጽር አደረገ። ስክሪኑ ላይ ሙሽራው ፈገግ ብሎ ያያታል፤ እሷም እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ከፊቱ ላይ ቢጫ መቀነሷን ቀጠለች።

* * *

በማግስቱ የጋሽ ተክላይ ትዕግሥት አለቀ። የማር ዕቃ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ያሳተመ ደንበኛ "ማሬን ሰናፍጭ አስመሰላችሁት" ብሎ ሥራውን ወርውሮባቸው ሄደ።

"ቀለም ቀየርን፣ ወረቀት ቀየርን፣ ማሽኑን አጠብን" አሉ ወገባቸውን ይዘው። "ከዚህ በኋላ የቀረን ጠበል ማስረጨት ነው።" ጥቂት አሰቡ። "ቆይ እስቲ፣ ባዶ ገጽ ክፈቺልኝ። ምንም የሌለበት ነጭ።"

ረይሀና ከፈተች። እሳቸው ከጥቅሉ አንድ ንጹሕ ወረቀት መዝዘው፣ መጋረጃውን ገልጠው የቀኑን ብርሃን አስገቡና ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን አስጠግተው ያዙት።

ስክሪኑ ላይ ያለው ነጭ ነጭ አልነበረም። ለብቻው ሲታይ ይመስላል፤ ከወረቀቱ ጎን ግን ቢጫነቱን ለመሸፈን ሰማያዊ ውሃ ውስጥ የተነከረ ልብስ ሆነ።

"ወይ ጉድ! ዋሾው ይሄ ነዋ!" ጋሽ ተክላይ ስክሪኑን በጥፊ መታ አደረጉት። "ሰማያዊው በዝቶበት ቢጫውን ይበላዋል። እኛ ደግሞ እሱን አምነን ሚስኪኑን ማሽን ስንሰድበው ከረምን።"

በስክሪኑ ጥግ ያሉትን ቁልፎች እየነካኩ፣ የሁለቱ ነጭ አንድ እስኪሆን ድረስ ሰማያዊውን ቀነሱት። የማሩን ወረቀት አስተካክለው አንድ አሳተሙ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ማርና ወረቀቱ ላይ ያለው ማር ቁርጥ አንድ ሆነ። ጋሽ ተክላይ እንደ ልጅ አጨበጨቡ። "በይ አሁን የእትዬ እንቁን ልጅ ክፈቺው። ያንቺ እጅ ያልነካውን፣ ዋናውን።"

ረይሀና የመጨረሻውን ፎቶ፣ ጾሙ ከገባ በኋላ የተነሳውን ከፈተች።

የሚናስ ሸሚዝ ነጭ ነው፤ የጋሽ ተክላይ ወረቀት ያህል ነጭ። ደረቱ ላይ የያዘው ሐብል መልኩን ሳይለቅ ወርቅ ሆኖ ተኝቷል። ወርቁ ቢጫውን ረጭቶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚነካው ሸሚዙን ነበር። ፊቱ ግን ቢጫ ነው። አሁን ማተሚያውም ስክሪኑም በአንድ ቃል ይናገራሉ።

ዓይኖቹን አጉልታ አመጣቻቸው።

"ጋሽ ተክላይ" አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። "ሸሚዙ ነጭ ከሆነ ዓይኑ ለምን ነጭ አልሆነም?"

ጋሽ ተክላይ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ደስታቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። "የወፍ በሽታ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ይሄ ልጅ ታሟል፣ ረይሀና። ክፉኛ ታሟል።"

የቅበላውን ፎቶ ከፈተች። ዓይኑ ቢጫ ነው፤ ካሁኑ ቀለል ይላል። ከጥምቀት በፊት የተነሳውን ከፈተች። እዚያም አለ፤ በዓይኑ ጥግ ስስ ሆኖ ጀምሯል። ጾሙ እንኳ አልገባም ነበር። በሽታው ከፎቶ ፎቶ እያደገ መጥቶ፣ ከፎቶ ፎቶ እየለመናት፣ እሷ በገዛ እጇ ከፊቱ ላይ ስታጠፋው ከርማለች። ያን ሁሉ ቀን ያሳመርኩት መስሎኝ ደበቅኩት አለች በልቧ፤ የምትወደውን ሰው የምትጎዳ ሴት ናት ብሎ የሚነግራት ሰው ቢመጣ በዚያች ሰዓት አትከራከረውም ነበር።

* * *

መንገዱን ከማቋረጧ በፊት በሩ ላይ ቆመች። ወርቅ ቤት እንዳትገባ ሚናስ አስምሏታል፤ "እናቴ ፊት አብረን ከቆምን ዓይናችን ይናገርብናል" ብሎ። እውነቱን ነው። ገብታ ከተናገረች ፍቅራቸው አበቃ፤ ወሬውም አፍንጮ በር አባቷ ዘንድ ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል። ዝም ካለች ደግሞ ያ ቢጫ ይቀጥላል። ከባንኮኒው ላይ አንድ ነጭ ወረቀት አንስታ ሮጠች።

ሚናስ ያው ጨለማው ጥግ፣ ያው መነጽር ውስጥ ነበር። እትዬ እንቁ ሚዛኑን እየወለወሉ ነው።

"ምን ልታዘዝ?" አላት፣ አይቷት እንደማያውቅ ሰው።

"መነጽርህን አውልቅና ወደ በሩ ና። ወደ ፀሐዩ።"

"ምን አልሽ አንቺ?" እትዬ እንቁ ጨርቁን ጣሉት። "ምን ሆነሻል?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። ሚናስ፣ ተነሳ አልኩህ።"

"አልችልም።" ድምፁ ደከመ። "ፀሐይ እንዳይነካኝ ተብያለሁ።"

"ማነው ያለህ?"

እናቱ ጠየቁት፤ "የምን ፀሐይ? ማነው እሱ?"

"መድኃኒተኛው" አለ በመጨረሻ። "ዓይኔ ሲቀየር ጊዜ ሄድኩ። ቅጠል ጨምቆ ይሰጠኛል፤ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ እጠጣለሁ። እስኪያልቅ ፀሐይ እንዳይነካህ፣ ለማንም እንዳትናገር፣ ሴት እንዳትቀርብህ አለኝ። ጥላ ካረፈብህ ይብስብሃል አለኝ።" መነጽሩን እንዳደረገ ወደ ረይሀና ዞረ፤ እናቱ እዚያ መኖራቸውን የረሳ ይመስላል። "ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። አንቺን እንዳላይ ብሎኝ ነው። ስንቴ 'ይባስብኝ' ብዬ ልመጣ ተነስቼ ነበር።"

"ልትተወኝ መስሎኝ ነበር" አለች። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። "ያን ሁሉ ቀን የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር፣ ሚናስ!"

"እኔ? አንቺን?"

ተጠግታ እጁን ያዘችው። ትኩስ ነበር፤ ቆዳው በማከክ ቆስሏል። ሲነሳ አዘነበለ፤ ደግፋ ወደ በሩ አወጣችውና መነጽሩን ራሷ አወለቀችለት። ነጩን ወረቀት ከዓይኑ አጠገብ፣ ከጉንጩ ላይ አስጠግታ ያዘችው።

"ይዩት እትዬ" አለች። "ወርቁ አይደለም። ጾሙም አይደለም።"

እትዬ እንቁ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥተው መጡ። ቀን በቀን አብረውት የሚውሉትን፣ ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ስለሚለወጥ ለውጡ ያልታያቸውን ልጃቸውን ከነጩ ወረቀት ጎን አዩት። እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። ትናንት ባንኮኒው ላይ የወረወሩትን ቃል ያስታወሱት ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ የበሩን ጉበን ያዙ።

ቀጥሎ ዓይናቸው ከልጃቸው ፊት ወደ ረይሀና እጅ ወረደ። እጁን እንዴት እንደያዘችው አዩ። እንግዳ ሰው እንዲህ አይይዝም።

"ስምሽ ማነው?"

"ረይሀና።"

"የማን ልጅ?"

"የአብዱልሙሀይሚን።"

መንገዱ ላይ ታክሲ ሲጣራ፣ ከሕንፃው ማዶ የሚያፈርሱት ሰዎች ድንጋይ ሲጥሉ ይሰማል። እትዬ እንቁ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ረይሀና እጁን ልትለቅ ጣቶቿን ማላላት ጀመረች።

"ተይ፣ አትልቀቂው" አሉ። "ሌላውን ጉዳይ በኋላ እንነጋገርበታለን። አሁን መኪና እስክጠራ ያዢልኝ፤ እንዳይወድቅብኝ።" ቃሉ ደረቅ ነበር፤ ይቅርታም በረከትም አልነበረበትም። ረይሀና ግን ያን ያህል አጥብቃ የያዘችው ነገር ከዚያ በፊት አልነበራትም፤ ያን ያህል የፈራችበት ቀንም አልነበረም።

* * *

ሆስፒታል ያገኘቻቸው ሐኪም ወጣት ናት። የሚናስን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳበች፤ ሆዱን በቀኝ በኩል ጫን ስትለው ጥርሱን ነከሰ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከሰሞኑ ነው" አሉ እትዬ እንቁ። "ጾሙ ሲጠናበት ጊዜ።"

"ከመድኃኒቱ ትንሽ ቀደም ብሎ" አለ ሚናስ። "በመስታወት ያየሁት ያኔ ነው።"

ሐኪሟ መጻፍ ጀመረች። ረይሀና በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ብትናገር እናቱ ምን እንደሚሏት አወቀች፤ አይተሽ ዝም አልሽ? ይሏታል። አላየሁም ብትል ማን ያምናታል? ግን ሐኪሟ የተሳሳተውን ጊዜ እየጻፈች ነው።

"ከጥምቀት በፊት ነው" አለች።

ሁሉም ዞሩ።

"ፎቶው ላይ አለ። ያን ጊዜ ዓይኑ ጥግ ላይ ነበር። በቅበላ ጨመረ። እኔ... የማተሚያው ጥፋት መስሎኝ እያጠፋሁት ነበር።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ፊቱን ከማንም በላይ አይቼዋለሁ" አለች።

ሐኪሟ የጻፈችውን ሰረዘችና እንደገና ጻፈች። ፊቷ ላይ የነበረው ዘና ያለ ነገር ጠፋ። "ዛሬውኑ እናስተኛዋለን" አለች። የሆድ ምርመራ፣ የደም ምርመራ ታዘዘ፤ ሚናስ በተሽከርካሪ ወንበር ተወሰደ። ከበሩ ሳይወጣ ዞሮ ፈለጋት፤ ያለ መነጽር፣ በዚያ ቢጫ ዓይን። ለወራት ስክሪን ላይ ካየችው ፈገግታ ሁሉ ይህ በልጦባት አንጀቷን በላት።

ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ሴቶች አንድ አግዳሚ ላይ፣ በመካከላቸው ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው ተቀመጡ። እትዬ እንቁ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ረይሀናም በልቧ ዱዓ እያደረገች ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሩቅ አዛን ተሰማ። እትዬ እንቁ ተነስተው ወጡና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዘው ተመለሱ።

"እንኪ፣ አፍጥሪ" አሉ። "ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ሆድሽን ነሽ።"

ረይሀና ውሃውን ተቀበለች። አንድ ጉንጭ እንደጠጣች የመመርመሪያው ክፍል በር ተከፈተና ሐኪሟ ብቅ አለች። ከኋላዋ አንድ ሌላ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሐኪም ቆመው የሚናስን ሆድ የምርመራ ፎቶ ወደ መብራቱ ይዘው ያያሉ።

"የቅርብ ቤተሰብ ብቻ ይግባ።"

ረይሀና ለእትዬ እንቁ መንገድ ልትለቅ ተነስታ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች። እትዬ እንቁ ጥቂት ተራምደው ቆሙ። ዞረው ሲያዩዋት በአንድ ቀን ያረጁ ይመስሉ ነበር።

"ነይ እንጂ" አሉ።

"እሷ ምኑ ናት?" ስትል ሐኪሟ ጠየቀች።

ረይሀና መልሱን በፍርሃት ጠበቀች። እትዬ እንቁ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው እጃቸውን ወደ እሷ ዘረጉ።

"የኛው ናት።"

ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ዳገት ስትወጣና ስትወርድ የተመኘቻት ቃል ይህችው ነበረች። ሁለቱም ገቡ። የሸበቱት ሐኪም በሩን ዘጉና ሁለት ወንበር ስበው ቁጭ እንዲሉ ጠቆሟቸው። እትዬ እንቁ እጇን ጨብጠው ተቀመጡ። ረይሀና የሐኪሙን ፊት ቀና ብላ አየች፤ አየችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያው ውጪ፣ ከባዕዶቹ ሰዎች ጋር፣ ምንም የማይነገረኝ እንግዳ ሆኜ በቀረሁ ብላ ተመኘች።